የተለጠፈ ዋጋ እና የተሸጠበት ዋጋ፦ ስለ ቤት ግምት የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ቤት ለመሸጥም ሆነ ለመግዛት ሰው መጀመሪያ ስልኩን የሚከፍትበት ዘመን ላይ ደርሰናል። በዚህ ዕትም ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችን በዚሁ ጉዳይ ላይ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ጠባሴ ነው። አባታችን ያወረሱን ቤት በ250 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያረፈ ሲሆን፣ ከአራታችን ወራሾች መካከል ቤቱ ውስጥ የምኖረው እኔ ነኝ። የሦስቱን ድርሻ ከፍዬ ቤቱን እንዳስቀር ሁላችንም ተስማምተናል፤ ያልተስማማነው በዋጋው ነው። አሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህታችን እዚያ አገር የአንድን ቤት አድራሻ ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡት ግምቱ ወዲያው እንደሚወጣ ትነግረናለች። ለእኛም ቤት በሰፈራችን የተለጠፈ ተመሳሳይ ቤት ከቴሌግራም አግኝታ «ዋጋው ይኸው» ብላ ልካልናለች። እኔ ያነጋገርኩት ደላላ ግን ከዚያ በሲሶ ያነሰ ዋጋ ነው የነገረኝ። የትኛውን እንመን? በገንዘብ ምክንያት እንዳንቀያየም እሰጋለሁ።

መልስ፦ እህትዎ ስለ አሜሪካ የነገረችዎት እውነት ነው። ይሁን እንጂ እዚያ ድረ ገጹ የሚያወጣው ግምትና እዚህ ቴሌግራም ላይ የተለጠፈው ዋጋ በባሕርያቸው የተለያዩ ስለሆኑ፣ አንዱን በሌላው ቦታ መተካት አይቻልም።

ዚሎው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ድረ ገጹን ሲከፍት «ዜስቲሜት» የሚል ስም የሰጠውን የቤት ግምት ይዞ ቀረበ። ግምቱን የሚያወጣው ኮምፒውተር ወደ ቤቱ ገብቶ አላየም። በአካባቢው በቅርቡ የተሸጡ ቤቶች በስንት እንደተሸጡ፣ ስፋታቸው፣ የክፍሎቻቸው ብዛት፣ የተሠሩበት ዓመትና ለግብር የተገመቱበት መጠን በመንግሥት መዝገብ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ከዚያ ተነሥቶ ያልተሸጠው ቤት ቢሸጥ ስንት ሊያወጣ እንደሚችል ያሰላል። የስሌቱ መሠረት ገዥ በእርግጥ ቆጥሮ የከፈለው ገንዘብ ነው። ለዚህም ነው ቴክሳስን በመሳሰሉና የሽያጭ ዋጋን ለሕዝብ ማሳወቅ ግዴታ ባልሆነባቸው ግዛቶች እንዲህ ያለው ስሌት የሚቸገረው። ኩባንያው ራሱ በሚያወጣው መረጃ መሠረት፣ ለሽያጭ በቀረቡ ቤቶች ላይ የግምቱ መካከለኛ ስሕተት 2 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ለሽያጭ ባልቀረቡት ላይ ግን 7 በመቶ ገደማ ይደርሳል። መካከለኛ ሲባል ከቤቶቹ ግማሽ ያህሉ ላይ ስሕተቱ ከዚያም ይበልጣል ማለት ነው።

ይኸው ኩባንያ በግምቱ ተማምኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ቤቶችን በራሱ ገንዘብ እየገዛ አድሶ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መተንበይ ስላልቻለ ብዙ ቤቶችን ከሚሸጥበት በላይ ገዝቶ በመገኘቱ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ። በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ በእጁ ባሉ ቤቶች ላይ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የዋጋ ቅናሽ መዘገበ፤ ከሠራተኞቹም ሩብ ያህሉን ለመቀነስ ተገደደ። በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች መረጃ በእጁ ያለ ድርጅት እንዲህ ከተሳሳተ፣ አንድ የቴሌግራም ማስታወቂያ የወንድማማቾችን ድርሻ ለመወሰን አይበቃም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የተሸጠበት ዋጋ ለማንም ክፍት ሆኖ የሚታይበት መዝገብ የለንም። ከዚህም የከፋው፣ ግብሩና የቴምብር ቀረጡ በዋጋው ልክ ስለሚሰላ፣ ሻጭና ገዥ ተስማምተው በውሉ ላይ ከከፈሉት ያነሰ ዋጋ ማስፈራቸው የተለመደ ሆኗል። ይህ ልማድ መንግሥትን ብቻ የሚጎዳ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አጥብቄ የምቃወመው ለገዥውም ስለምሰጋ ነው። ውሉ በአንድ ምክንያት ቢፈርስና ገንዘቡ ይመለስ ቢባል፣ ገዥው በእጁ ያለው ማስረጃ የሚያሳየው የተጻፈውን እንጂ የከፈለውን አይደለም። በሐሰት የተሞላ መዝገብ ላይ የሚሠራ ማንኛውም የግምት ድረ ገጽም ሐሰቱን በፍጥነት ከማባዛት በቀር ሌላ ሊያደርግ አይችልም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅን፣ እንዲሁም የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ሕጎቹ ፍሬ የሚኖራቸው በየከተማው የሚጻፈው ዋጋ እውነተኛ ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ።

ቴሌግራም ላይ የተለጠፈው ሻጩ የተመኘው ዋጋ ነው። ሰንጋ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠራውን ዋጋ የሚከፍል እንደሌለ ሁሉ፣ ይህንንም ዋጋ ከዚያ በላይ ሊሄድ እንደማይችል ጣሪያ አድርጋችሁ ብታዩት ይሻላል። እህትዎ የላከችውን ማስታወቂያ ቀረብ ብለው ይመልከቱት። መጀመሪያ የተለጠፈበት ቀን መቼ ነው? ያው ቤት፣ ያው በር፣ ያው የግቢ ዛፍ በሌሎች ቻናሎች ላይ በሌላ ስልክ ቁጥርና በሌላ ዋጋ ወጥቶ ከሆነ፣ በዋጋዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ደላሎቹ ለየራሳቸው የጨመሩት ሊሆን ይችላል። ያው ፎቶ በየወሩ እየታደሰ የሚለጠፍ ከሆነ ደግሞ በዚያ ዋጋ ገዥ እንዳልተገኘ ማስታወቂያው ራሱ እየመሰከረ ነው።

ቀጥሎም «ካርታ ያለው፣ ለአስፓልት ቅርብ፣ ውኃና መብራት የገባለት» ከሚለው ጽሑፍ ውስጥ የማይገኘውን ይጠይቁ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የሚሸጥ የሚለወጥ ስላልሆነ፣ የሚሸጠው ቤቱና በቦታው ላይ ያለው መብት ነው። ቦታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የተያዘ? በሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ስንት ቀርቷል? ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት ጎረቤት ቤቶች በዚህ ብቻ ዋጋቸው በእጅጉ ሊራራቅ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የተወራ ዋጋ ከእውነተኛው ቀድሞ የሚሮጥበት ጊዜ ስላለ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

የደላላው ዋጋም እንዲሁ በጥርጣሬ መታየት ይገባዋል። ቤቱን የሚያስቀሩት እርስዎ ስለሆኑ ዝቅ ያለው ዋጋ ለእርስዎ ይጠቅማል፤ እህትዎም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ አራታችሁም የተስማማችሁበት፣ ከሽያጩ ኮሚሽን የማይጠብቅ ገማች ወይም መሐንዲስ ቢያየው መልካም ነው። ከዚያ ጎን ለጎን በሰፈራችሁ ባለፈው አንድ ዓመት ቤት የገዙ ሰዎችን ፈልጋችሁ፣ ውሉ ላይ የጻፉትን ሳይሆን ከኪሳቸው ያወጡትን ጠይቋቸው። ሰዎቹ ለጎረቤት ልጅ እውነቱን ይናገራሉ። ሦስት እንዲህ ያሉ ቤቶች ከተገኙ፣ የይዞታ ዓይነታቸውንና የቤቶቹን ሁኔታ ከእናንተው ጋር አስተያይታችሁ የምትደርሱበት ዋጋ ከማስታወቂያው ሁሉ የተሻለ ነው። የተነገራችሁን ሁሉ ጽፋችሁ ለእህታችሁ ላኩላት፤ ሩቅ ያለ ሰው የሚጠራጠረው ስሌቱን ስላላየ ነው።

ጥያቄ፦ ከመሃል ሜዳ ነው የምጽፈው። ቤቴን አስይዤ ልበደር ባንክ ብጠይቅ፣ የባንኩ መሐንዲስ የገመተው ሰው ከሚሰጠኝ ዋጋ በጣም ያነሰ ሆነብኝ። ተበድያለሁ?

መልስ፦ አልተበደሉም። ባንኩ የሚገምተው ብድሩ ባይከፈል ቤቱን በሐራጅ ሸጦ ገንዘቡን በእርግጠኝነት የሚያስመልስበትን መጠን በማሰብ ስለሆነ ሆን ብሎ ይጠነቀቃል። በአብዛኛውም ስሌቱ የሚነሣው ከግንባታው ወጪና ከቤቱ እርጅና ነው፤ ሰው የሚከፍልዎት ግን ለመንገዱ፣ ለገበያው ቅርበትና ለሰፈሩም ጭምር ነው። የባንክ ግምት ለብድር እንጂ ለሽያጭ መነሻ አይሁንዎ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ በድለላ ሥራ ቤተሰብ የማስተዳድር ሰው ነኝ። አሁን ሻጩ ራሱ ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል፤ ገዥው ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይደውልለታል። የእኛ እንጀራ በዚሁ ሊቀር ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ የሌላው አገር ልምድ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እነ ዚሎው ከመጡ ሃያ ዓመት ገደማ ቢሆናቸውም አብዛኛው ቤት ዛሬም የሚሸጠው በወኪል አማካይነት ነው። ድረ ገጾቹ ከወኪሉ እጅ የወሰዱት «የሚሸጥ ቤት የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» የሚለውን ኃይል ነው። ይህ ኃይል ሲላላ ኮሚሽኑም ለክርክር ተጋለጠ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የአገሪቱ ትልቁ የወኪሎች ማኅበር በኮሚሽን ጉዳይ የተመሠረተበትን ክስ ለመዝጋት 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሻጮች የከሰሱት ለገዥው ወኪል የሚከፈለውን ኮሚሽን እንድንሸከም የሚያደርግ ደንብ ተጥሎብናል በሚል ነበር።

ስለዚህ ቤት ያለበትን ቦታ በመደበቅ ብቻ የሚገኝ ገቢ እየሳሳ መሄዱ አይቀርም፤ እውነቱን ለመናገር ባይሳሳ ኖሮ አዝን ነበር። ከሻጩ ዋጋ ላይ ጨምሮ ለገዥ መናገርና ልዩነቱን ኪስ መክተት የሚኖረው ሁለቱ ወገኖች እስካልተገናኙ ድረስ ነው፤ ስልክ ደግሞ ያገናኛቸዋል። ስልክ የማያውቀውን ግን እርስዎ ያውቃሉ። አጥሩ ስንት ሜትር ወደ ጎረቤት እንደገባ፣ ከወራሾቹ መካከል ፈርሜ አልሸጥም የሚል እንዳለ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ በየትኛው በኩል እንደሚያልፍ፣ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ጎረቤቱ ባለፈው ዓመት በእርግጥ በስንት እንደሸጠ የሚያውቅ ደላላ ለገዥም ለሻጭም ዋጋ አለው። ኮሚሽንዎን አስቀድመው በግልጽ ተናግረው፣ ያዩትን ቤት ጉድለቱን ጭምር የሚለጥፉ ሰው ቢሆኑ፣ ማስታወቂያው ራሱ ደንበኛ ያመጣልዎታል። የሸዋ ሮቢትን ሙቀት፣ የውኃውን ነገርና የሰፈሩን ሁኔታ ሳይሸሽጉ ለሩቅ ገዥ የሚነግር ሰው እጅግ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምኖር የደብረ ሲና ተወላጅ ነኝ። እናቴ ባሉበት ከተማ ቤት ለመግዛት ፈልጌ ማስታወቂያ አገኘሁ። ሻጩ በቪዲዮ አሳይቶኛል፤ ቤቱ ያምራል፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀንሳል። «ሌላ ገዥ መጥቶብኛልና ዛሬውኑ ቀብድ በባንክ አስገቢልኝ» አለኝ። ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ፣ እህቴ። ችኮላውም የዋጋው መርከስም ቆም ብለው እንዲያጣሩ የሚያስገድዱ ምልክቶች ናቸው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና በቁጥር 2877 ይደነግጋል፤ ቁጥር 1723 ደግሞ እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። ስለ ቀብድ የሚናገረው ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን እንደሚመልስ ይገልጻል። ይህ ጥበቃ ግን የሚጠቅመው የሚታወቅ ሻጭና የሚጸና ውል ሲኖር ነው። በስልክ ብቻ ለሚያውቁት ሰው ያስገቡትን ገንዘብ እጥፉን ቀርቶ ራሱን ማስመለስም ከባድ ነው።

እናትዎ እዚያው ስላሉ ዕድለኛ ነዎት። እርሳቸው ወይም የሚያምኑት ዘመድ ከሻጩ ጋር ወደ ከተማው የመሬት አገልግሎት ቢሮ ሄደው ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳ፣ እግድ ወይም የፍርድ ቤት ክርክር አለመኖሩን ያጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ንብረት ከሆነ ያለ ትዳር ጓደኛው ስምምነት አይግዙ። ደብረ ሲና ከጣርማ በር ሥር ባለ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች፣ አካባቢዋም የመሬት መንሸራተት በተደጋጋሚ የታየበት ስለሆነ፣ ቪዲዮው የማያሳየውን የቤቱን ጀርባ፣ የድጋፍ ግንቡን ስንጥቅና የውኃ መውረጃውን አንድ ግንበኛ ቀን በብርሃን ይይላቸው። ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ሻጩ አሁንም በዚያው ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ፣ ውሉን በአካል ተገኝተው ወይም ሕጋዊ ውክልና ሰጥተው ይፈርሙ፤ ገንዘቡንም በዚያው ቀን በባንክ፣ ውሉ ላይ በሰፈረው ሙሉ ዋጋ ልክ ይክፈሉ።