ናሙናው ሲቀጥን ውጤቱ ለምን ይዋዥቃል?

ጥያቄ፦ በላቦራቶሪ ውስጥ በኤላይዛ ዘዴ በሰው ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ በሚቀረው ፈሳሽ) ውስጥ ያለውን ኢንተርሉኪን 6 የተባለ ፕሮቲን መጠን እለካለሁ። ሪዩማቶይድ አርትራይተስ የተባለ የመገጣጠሚያ ሕመም ካለበት ሰው የተወሰደ አንድ ናሙና ሳይቀጥን በሚሊ ሊትር 160 ፒኮግራም ሰጠኝ። በ2 እጥፍ አቅጥኜ ውጤቱን በ2 ሳባዛው 90፣ በ4 እጥፍ አቅጥኜ በ4 ሳባዛው ደግሞ 45 ሆነ። የስታንዳርዱ (መጠኑ አስቀድሞ የሚታወቀው የማነጻጸሪያ ፕሮቲን) ከርቭ ግን ምንም እንከን የለበትም። ጥፋቱ የፒፔት አያያዜ ነው ወይስ የናሙናው? የትኛውንስ ቁጥር ልመዝግብ?

መልስ፦ እጅዎን ከመውቀስዎ በፊት ናሙናውን ይጠርጥሩ። የፒፔት ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሮችን ወዲያና ወዲህ ይበትናል፤ የእርስዎ ውጤት ግን ተባዝቶ ሲታረም መቀራረብ ሲገባው፣ በቀጠነ ቁጥር በግማሽ ያህል እየወረደ ነው።

ኤላይዛ ፕሮቲኑን በቀጥታ አያይም። በመለኪያ ሳህኑ ላይ ባለው ትንሽ ጉድጓድ ግርጌ የተለጠፈው ፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲኑን ይይዛል፤ ኢንዛይም የሚያያዝበት ሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ በሌላ ጎኑ ይጣበቅበታል፤ ጉድጓዱ ታጥቦ ቲኤምቢ የተባለው ቀለም ሰጪ ሲጨመርበት ሰማያዊ ይሆናል፣ በአሲድ ሲገታም ወደ ቢጫ ተለውጦ በ450 ናኖሜትር ይነበባል። እንግዲህ ቢጫው የሚመሰክረው ሁለቱ ፀረ እንግዳ አካላት መገናኘታቸውን እንጂ ያገናኛቸው ማን እንደሆነ አይደለም።

በዚህ ሕመም በተያዙ ብዙ ሰዎች ደም ውስጥ የሚገኘው ሪዩማቶይድ ፋክተር ራሱ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ የሚጣበቀውም የዋይ ቅርጽ ባላቸው ሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት እግር ላይ ስለሆነ፣ ኢንተርሉኪኑ በሌለበትም ቦታ ከእንስሳት የተገኙትን የኪቱን (የመለኪያ ዕቃው ጥቅል) ሁለት ፀረ እንግዳ አካላት ሊያገናኛቸው ይችላል። ስታንዳርዱ የተጣራ ፕሮቲን እንጂ የበሽተኛ ሴረም ስላልሆነ የከርቩ ማማር ናሙናውን ነጻ አያወጣውም። ነገሩን የሚያወሳስበው ግን ኢንተርሉኪን 6 በዚህ ሕመም በእውነትም ከፍ የሚል መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ናሙናውን እንዲሁ መጣልም አይገባም።

45ን ትክክለኛ ነው ብለው አይውሰዱት፤ ገና መውረዱን አላቆመምና። ማቅጠኑን መቀጠል ይቻላል፤ ነገር ግን በ4 እጥፍ ሲቀጥን ከጉድጓዱ የተነበበው 11 ፒኮግራም ገደማ ስለሆነ፣ ጥቂት ቢገፉበት ከዝቅተኛው ስታንዳርድ በታች ይወርዳል። እኔ ብሆን አስቀድሜ የማደርገው ሌላ ነው፦ ሁለት ባዶ ጉድጓዶችን፣ ኢንተርሉኪን 6ን በማያውቅ ነገር ግን ከዚያው እንስሳ በተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ሸፍኜ ናሙናውን እጨምርበታለሁ። እዚያም ቢጫ ከሆነ ጉዳዩ ተጋልጧል። ከዚያ በኋላ ጣልቃ ገቡ በእሱ ላይ ተጣብቆ እንዲቀር በማቅጠኛው ፈሳሽ ላይ የዚያኑ እንስሳ ተራ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ጨምረው፣ ናሙናውን በውስጡ አቆይተው እንደገና ይለኩ፤ ቀጥኖ የተባዛው ውጤት ካልቀጠነው ጋር ከ80 እስከ 120 በመቶ ባለው ክልል ከተስማማ ቁጥሩን መመዝገብ ይችላሉ።

ደሙ ሴሎቹ ሳይለዩ ለሰዓታት ቆይቶ እንደሆነ መጠየቅም ደግ ነው፤ ሆኖም ያ መጠኑን ይለውጥ እንደሆነ እንጂ እንዲህ ያለውን መውረድ አያመጣም። እስከዚያው በመዝገቡ ላይ በቁጥሩ ፈንታ «ጣልቃ ገብ ንጥረ ነገር ተጠርጥሯል» ብለው ይጻፉ፤ የተረፈውንም ሴረም ደጋግሞ እንዳይቀልጥ በትናንሽ ቱቦዎች ከፋፍለው ያቀዝቅዙት።