ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ የልጄ ጥርስ ለምን በለዘ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው በመቂ አቅራቢያ ሲሆን የምንቀዳው ከጥልቅ ጉድጓድ ከሚመጣ ቦኖ ነው። ውሃው ጥርት ያለና ሽታ የሌለው ቢሆንም አፍልቼና ውሃ አጋር ጨምሬ ነው ለልጆቼ የምሰጠው። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው የ9 ዓመት ልጄ የፊት ጥርሶች ግን በልዘዋል፤ ብትፍቃቸውም አይለቅም። ታናሽ ወንድሟ 2 ዓመቱ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከገለጻዎ እንደምንረዳው የጥርሷ መበለዝ ፍሎራይድ ከተባለ፣ ውሃ ውስጥ ከሚሟሟ ማዕድን ብዛት የመጣ ሊሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሟሟው ፍሎራይድ፣ ይዞ የሚያስቀረው ካልሲየም በውሃው ውስጥ አነስተኛ ስለሆነ፣ ሳይጣራ እስከ ቦኖው ድረስ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። በወንጂ የስኳር እርሻ እንዲህ ያለውን ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪያቸው እስከ መድረቅ ደርሶ ነበር።

ማፍላትና ውሃ አጋር ተሕዋስያንን ስለሚገድሉ አይተዋቸው፤ ፍሎራይድን ግን አይነኩም። እንዲያውም በሊትር 4 ሚሊ ግራም ያለበት ውሃ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ግማሹ እስኪተን ቢንተከተክ፣ የቀረው በሊትር ወደ 8 ሚሊ ግራም ይጠጋል። ስለዚህ እንደፈላ ያውጡት።

በመጀመሪያ ውሃው ይመርመር። በንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ ናሙና ይዘው ወደ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ «ፍሎራይድ ይለካልኝ» ብለው በስሙ ይጠይቁ፤ የተለመደው የጀርም ምርመራ ይህን አያሳይም።

ውጤቱ ከገደቡ ካለፈ ሁሉንም ውሃ ለመለወጥ አይጨነቁ። ልብስ ማጠቢያውና ገላ መታጠቢያው ከቦኖው ይቀጥል፤ የሚለወጠው የሚጠጣውና ምግብ የሚሠራበት ብቻ ነው፣ እሱም ለአነስተኛ ቤተሰብ በቀን ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብዙ አያልፍም። ለሊጥ፣ ለወጥና ለቡና የሚገባውም እንደሚጠጣ ይቆጠራል። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም ዝናብ ከሁሉም ይሻላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን አጥቦ ይፍሰስ፣ የተጠራቀመውን ግን ውሃ አጋር ይጨምሩበት። በጋውን በአጥንት ከሰል (ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት በሚሠራ ከሰል) የሚያጣራ ዕቃ መጠቀም ይቻላል፤ በጾም ወራት አንዳንዱን ቅር ቢያሰኝም ሥራውን ይሠራል፣ ከሰሉ ሲጠግብ ግን ካልተቀየረ ከንቱ ነው። በኖራና በአሉሚኒየም ሰልፌት የማጣራቱን ዘዴ፣ መጠኑ ሲሳሳት የሚጎዳ በመሆኑ፣ ያለ ሠለጠነ ሰው ቤት ውስጥ እንዲሞክሩት አንመክርም።

የልጅዎን ጥርስ ውሃ መለወጥ አይመልሰውም፤ የጥርስ ሐኪም ግን ቀለሙን ሊያደበዝዘው ወይም ሊሸፍነው ይችላል። የታናሽ ወንድሟ ቋሚ ጥርሶች ግን ድድ ውስጥ ገና እየተሠሩ ናቸው፤ ሥራቸው እስከ 8 ዓመት ገደማ ስለሚቀጥል የመጀመሪያዋ ንጹሕ ጀሪካን የእሱ ትሁን።