«የታቀደ ጥገና» ስንት ሰዓት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቁጠባና ብድር ማኅበራችሁ ዋና ቢሮው ደሴ ነው፤ ባቲ ላይ ቅርንጫፍ አለው። የሒሳብ ሲስተም ልትከራዩ ነው። አቅራቢው «99.5 በመቶ አገልግሎት እሰጣችኋለሁ» ይላል። ከሥሩ ግን «የታቀደ ጥገና እንደ መቋረጥ አይቆጠርም» የምትል አንዲት መስመር አለች። «ይሄ ያለ ነገር ነው ወይስ ልንሸወድ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ያለ ነገር ነው። የምትሸወዱት መስመሯ ብቻዋን ከቆመች ነው። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። ኋላም ወደ ግዢ ተዛውሬ እንዲህ ያሉ ውሎችን ሳነብ ኖሬያለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። 30 ቀን 720 ሰዓት ነው። 99.5 በመቶ ማለት በወር ቢበዛ 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይቋረጣል ማለት ነው። አሁን አቅራቢው በወሩ 20 ሰዓት «ጥገና ላይ ነኝ» ብሎ ቢያጠፋው፣ በብልሽት ደግሞ 3 ሰዓት ቢቋረጥ አስቢ። እናንተ 23 ሰዓት ሲስተም አልነበራችሁም፤ ያገኛችሁት 96.8 በመቶ ነው። እሱ ግን 20ውን ሰዓት ከ720 ላይ ቀንሶ በ700 ያካፍላል። ውጤቱ 99.57 ይመጣል። በወረቀት ውሉን አክብሯል፤ አንድ ብር አይመልስም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋችሁ የሰዓት ጣሪያ ነው። «በወር ከ4 ሰዓት አይበልጥም» የሚል ቁጥር ከሌለ 99.5ቱ ምንም አይዝም።

ይሄን ነገር ቀድመው የጨረሱት የኤሌክትሪክ ኃይል ሰዎች ናቸው። ማንም ተርባይን ሳይጠገን አይሠራም። በኃይል ግዢ ውሎች ላይ እንደተለመደው፣ ማመንጫው ዓመቱ ሳይገባ የጥገና ዕቅዱን ለገዢው ይሰጣል። ገዢው «በዚህ ወር ፍላጎት ይበዛብኛል፣ አዛውርልኝ» ማለት ይችላል። በዓመት ስንት ሰዓት ለጥገና እንደተፈቀደ በቁጥር ይጻፋል። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነው፤ የተፈቀደው ከዚያ ላይ ይታሰባል። ከተፈቀደው ያለፈው ሰዓት ግን ብልሽት ነው፤ ቅጣትም ያስከትላል። ጊዜውም ይመረጣል። የነፋስ ማመንጫ ነፋስ ሲቀንስ ይጠገናል፤ የውኃው ደግሞ ግድቡ ሞልቶ ውኃ በማስተንፈሻ እየፈሰሰ ባለበት ሰሞን ባይቆም ይመረጣል።

እነሱ መቋረጥን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። አንዱ ከብዙ ጊዜ በፊት የታቀደው ነው። ሁለተኛው ወዲያው የማያስቆም፣ ግን እስከ ዓመታዊው ጥገና የማይቆይ ነው። አይ ትሪፕል ኢ (የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር) ያወጣው 762 የሚባለው መስፈርት ለዚህኛው ጥሩ መለኪያ አለው፤ ቢያንስ መጪው ቅዳሜና እሑድ እስኪያልፍ መቆየት የሚችል መሆን አለበት። ያንን ያህል መቆየት ካልቻለ ሦስተኛው ነው፤ የግድ መቋረጥ። አቅራቢያችሁ «አስቸኳይ ጥገና» የሚል ቃል ካስገባ በዚህ መለኪያ ፈትሹት። እስከዚያ የማይጠብቅ ጥገና ብልሽት ነው፤ ከ3 ሰዓት ከ36 ደቂቃው ላይ ይቀነስ።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ፋብሪካችን የመጋዘን ሲስተም ተከራይቶ ነበር። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። የጥገና ሰዓት «እሑድ 2:00 እስከ 6:00» ይላል። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት መስሎን ደስ እያለን ፈረምን፤ እሑድ ጠዋት ፋብሪካው ዝግ ነው። እነሱ የጻፉት በፈረንጅ ሰዓት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ማለት ነው፤ የቅዳሜ ሌሊት ፈረቃ ገና አልወጣም። በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ሦስት መኪኖች በር ላይ ተሰልፈው ሳለ ሲስተሙ ጠፋ። የማውጫ ሰነድ አይታተም። የመጋዘኑ ልጅ ካርቶን ቀዶ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ የእያንዳንዱን ጥቅል ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፈ። ጠዋት 12 ሰዓት ይመለሳል የተባለው 3 ሰዓት ላይ ተመለሰ። ሦስት ሰዓት ዘገዩ። ካሳ ስንጠይቅ «የታቀደ ጥገና ነው» አሉን። ውሉን ገለበጥነው፤ ከተባለው ሰዓት ቢያልፍ ምን እንደሚሆን አንድም ቃል የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ነው ይላል። የፈረምነው ያንን ነው፤ ዝም አልን።

ማስታወቂያውም ልከዋል። የላኩት ግን ከሥራ ከለቀቀ ከረመ ላለ ልጅ ኢሜይል ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው በስም ሳይሆን በሥራ መደብ ይሁን፤ ለሁለት ሰው ይድረስ።

በተለይ ሰዓት ላይ አትለፊው። ሲስተሙ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ከሆነ አንዳንዱ በግሪንዊች ይቆጥራል፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። የእነሱ 2:00 የእኛ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። 6:00 ሲሉ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ደንበኛ መስኮት ላይ ቆሟል። ለባቲ ደግሞ ሰኞን ጭራሽ አስወጡት። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ያን ቀን ሲስተም ጠፋ ማለት ከገጠር የመጣው ሰው ብሩን ሳያስገባ ተመለሰ ማለት ነው። በእኛ ወር የምትከፍሉ ከሆነ ጳጉሜንም ከነሐሴ ጋር ይቆጠር በሉ።

መቋረጡ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚለካም ይጻፍ። ይሄን የፋብሪካችን ጀነሬተር ሲጠገን በደንብ ተምሬዋለሁ። መካኒኩ «በ2 ሰዓት ውስጥ ጨረስኩ» ይላል፤ የእኛ ቦይለር (የእንፋሎት ማሞቂያው) ሞቆ ማቅለሚያው ማሽን እስኪነሳ ግን ግማሽ ቀን ሄዷል። የእናንተ መለኪያ ገንዘብ ያዧ ገብታ ደረሰኝ ማውጣት መቻሏ ይሁን። ደሴ መብራት ሄዶ የእናንተ ኮምፒውተር ቢጠፋ ግን አቅራቢውን አትጠይቁት፤ የእሱ ሰርቨር መብራት ቢያጣ የእሱ ጣጣ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አጽፋለሁ፦

«የታቀደ ጥገና ማለት አቅራቢው ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳወቀው፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ የሚከናወን፣ ለእሑድ አጥቢያም ሆነ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት የማይያዝ፣ በወር በድምሩ ከ4 ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። ከእነዚህ አንዱን ያላሟላ ወይም ከተነገረው ሰዓት ያለፈ ማንኛውም ጊዜ እንደ መቋረጥ ይቆጠራል።»

የእሑዱን አጥቢያ ያስገባሁት የሚዘገይ ጥገና እሑድ ላይ ከወደቀ የሚያነሳው ቴክኒሻን ስለማይገኝ ነው። አቅራቢው 4 ሰዓት አነሰኝ ካለ 6 ስጡት፤ በቁጥሩ መደራደር ይቻላል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ላውጣ ካለ ግን አትፈርሙ። ረቂቁን ስትጨርሱ እዚሁ ለጥፊው፤ አነብልሻለሁ።