የኮዲንግ ውድድር ማዘጋጀት እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ «በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ ፒጂዲቲ (የመምህርነት ድህረ ምረቃ ዲፕሎማ) ወስጄ፣ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ ከተማ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይቲ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ጎበዝ ጎበዝ ልጆችን ከክፍል ውጭ ኮዲንግ አለማምዳለሁ፤ በዞናችን ካሉ ትምህርት ቤቶች ጋር ውድድር ባዘጋጅ ደስ ይለኛል። አብረውኝ የተመረቁት ግን ሶፍትዌር ድርጅት ገብተው ከእኔ እጥፍ ይከፈላቸዋል። ማስተማሩን ልተወው? ወይስ ይሄ የውድድር ነገር ሙያ ሊሆነኝ ይችላል? አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ደግሞ ለዓለም የኢንፎርማቲክስ (የፕሮግራሚንግ) ኦሎምፒያድ አዘጋጂኝ ብሎ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል።»

መልስ፦ እህቴ፣ ከደሞዙ ልጀምር። ቤተሰብ የምትጦሪ ከሆነ፣ ወይም ኪራይ ከፍለሽ ወሩን መድረስ ካቃተሽ፣ ሌላ ሥራ መፈለግሽ ተማሪዎችሽን መክዳት አይደለም። የመምህርን መሥዋዕትነት የሚያወድስ ሰው ሞልቷል፤ ኪራይሽን የሚከፍልልሽ ግን ከመካከላቸው አይገኝም። ኑሮው ያን ያህል ካልጠበበሽ ግን ቢያንስ እስከ ሰኔ ቆዪ እላለሁ። አሁን ተማሪም፣ የኮምፒውተር ላብም፣ ባልደረባ መምህራንም አሉሽ። ሶፍትዌር ድርጅት ከገባሽ በኋላ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ማግኘት ይከብድሻል።

«የፕሮግራሚንግ ውድድር አዘጋጅ እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያ የምትጠብቂ ከሆነ ግን ጠብቀሽ ጠብቀሽ ትሰለቻለሽ። ሥራው ያለው ከውድድሩ ጀርባ ነው፤ ጥያቄ መቅረጽ፣ መፈተሻ ዳታ (ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱ የሚታይበት ግብዓት) ማሰናዳት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መምህራንን ማብቃት። ደብዳቤሽን ሁለቴ ሳነበው ያላገኘሁት ይህንን የመጨረሻውን ነው። ስለ ጎበዝ ልጆችሽ ጽፈሻል፤ በየትምህርት ቤቱ እነዚህን ልጆች ይዘው ስለሚመጡት መምህራን ግን አንድም ቃል የለም።

የአይቲ መምህርን ኑሮ አንቺው ታውቂዋለሽ። የሒሳብ መምህሩ አንድ ነገር ቢያቅተው ጎኑ ያለውን የዲፓርትመንት ባልደረባውን ይጠይቃል። የአይቲ መምህሩ ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ የላቡ ቁልፍ እሱ ጋ ነው፣ የርዕሰ መምህሩ ፕሪንተር ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው፣ ሴሚስተር ሲያልቅ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሮስተር ተጠቃሎ እሱ ላይ ይወድቃል። ዩኒቨርሲቲ ከወጣ ወዲህ ፕሮግራም ጽፎ አያውቅም። እንዲህ ላለ ሰው «ሦስት ተማሪ አዘጋጅተህ ላክ» የሚል ደብዳቤ ብትልኪለት ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስንፍና እንዳይመስልሽ፤ ተማሪ ፊት መሸነፍን ይፈራል። ሌላ አገርም ቢሆን የዚህ ሙያ መምህር ብቸኛ ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን ማኅበር፣ በእንግሊዝም በ2008 «ኮምፒውቲንግ አት ስኩል» የተባለው የመምህራን ስብስብ ተቋቁመው ዋና ሥራቸው መምህር ከመምህር ጋር ማገናኘት ሆኗል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውድድር የመምህራኑ ይሁን። በርዕሰ መምህርሽ በኩል የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስጽፊ (ያለ ደብዳቤ የሚመጣ የለም፤ ቢመጣም አበሉን ይጠይቅሻል)፣ አራት አምስት የአይቲ መምህራንን ቅዳሜ ጠዋት ላብሽ ውስጥ ሰብስቢ። ንግግር አታብዢ። ቡና አፍልተሽ ጥያቄ ስጫቸው።

ለምሳሌ ይህንን፦ «መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪዎች ተሰልፈዋል። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል። የተሳፋሪው ብዛት ቢሰጥሽ ሁሉንም ለመውሰድ ስንት ሚኒባስ ያስፈልጋል?» ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው ብዛቱን ለ12 አካፍሎ፣ ቀሪውን ጥሎ፣ 1 ይደምራል። 13 ስታስገቢ 2 ይላል፤ ልክ ነው። 25 ስታስገቢ 3 ይላል፤ ይሄም ልክ ነው። 24 ስታስገቢ ግን 2 ማለት ሲገባው 3 ይልና አንድ ባዶ ሚኒባስ ይልካል። 0 ስታስገቢ ሰው ሳይኖር መኪና ያሰልፋል። ከዚያ ተሳፋሪውን በቢሊዮኖች አድርጊው፤ በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ ተራውን የኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ዓይነት የተጠቀመ ሰው ቁጥሩ 2,147,483,647ን ሲያልፍ የማይረባ መልስ ያገኛል፤ ፓይተን በተባለው ቋንቋ የጻፈው ግን ምንም አይሆንም። የት እንደተሳሳቱ ሲገባቸው እርስ በርስ መከራከር ይጀምራሉ። ያኔ «እናንተ ደግሞ በተራችሁ ጥያቄ ጻፉ፤ ሰው የሚሳሳትባቸውን ቁጥሮችም አብራችሁ አምጡ» በያቸው። ጥያቄ የጻፈ መምህር የልጆቹ ውድድር ላይ መቅረት አይሆንለትም፤ የራሱ ጥያቄ አለበትና።

ነጥብ አሰጣጡን ከዓለም አቀፉ የኢንፎርማቲክስ ኦሎምፒያድ መውሰድ ትችያለሽ፤ እዚያ ጥያቄው ተከፋፍሎ ነው ነጥብ የሚያዘው። ለትንንሽ ቁጥሮች የሚሠራ ፕሮግራም የጻፈ ልጅ ለምሳሌ 40 ያገኛል፤ ለግዙፎቹም የሚሠራለት 100። ይህ ከገጠር ለሚመጣውና ገና ለጀመረው ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ዜሮ ይዞ አይሄድም። ጥያቄዎቹንም በአማርኛ ጻፊያቸው። በዚያው ኦሎምፒያድ የቡድን መሪዎች ከውድድሩ ቀን በፊት ያለውን ምሽት የሚያሳልፉት ጥያቄዎቹን ወደየቋንቋቸው ሲመልሱ ነው፤ የምትፈትኚው እንግሊዝኛ ሳይሆን ማሰብ ነውና።

ኢንተርኔት ባይኖርስ ትይኝ ይሆናል። «ዶምጀጅ» የሚባል፣ የተወዳዳሪዎችን ፕሮግራም ራሱ የሚያርም ነጻ የዳኝነት ሶፍትዌር አለ፤ ሊኑክስ ያለው አንድ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በላቡ ውስጣዊ ኔትወርክ በብራውዘር ይገቡበታል። መጫኑ ትንሽ ያስቸግራል። እሱም ካልሆነ የግብዓት ፋይሉን በፍላሽ አድዪ፤ ተማሪው በራሱ ፕሮግራም መልሱን አውጥቶ ፋይሉን ይመልስልሽ፤ አንቺ ከትክክለኛው ጋር ታስተያያለሽ። ጉግል እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ያካሂደው የነበረው ኮድ ጃም የተባለ ውድድር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚዳኘው በዚህ ዘዴ ነበር፤ ልዩነቱ ፋይሉ በኢንተርኔት መምጣቱ ብቻ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ «ቤብራስ» አለልሽ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሊቱዌኒያ ውስጥ የተጀመረ፣ ኮድ ሳይጻፍ የሚታሰብባቸው አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት ውድድር ነው። የዚያ ዓይነት ጥያቄ አባዝተሽ በወረቀት መስጠት ትችያለሽ።

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ፣ ልምምዱን ከትምህርት በኋላ አመሻሽ ላይ አታድርጊው። ቤት የሚጠብቃቸው ሥራ ስላለ መጀመሪያ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። የምሳ ሰዓት ወይም የተቃራኒው ፈረቃ ይሻላል።

ወደ እንጀራው ልመለስ። ከዚህ ሁሉ በእጅሽ የሚቀረው ማስረጃ ምን ይሁን? የምስክር ወረቀት ብቻ እንዳይሆን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ነጻ ነው፤ ውሰጂው፣ መምህራኑም ይውሰዱት። ቀጣሪ ጠረጴዛ ላይ ግን ያ ወረቀት ያለው አመልካች ብዙ ነው። አንቺን የሚለይሽ የጻፍሻቸው ጥያቄዎች ከነመፈተሻ ዳታቸውና ከነማብራሪያቸው ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበትና ሰው የሚያየው ድረ ገጽ) ላይ መቀመጣቸው ነው። ሲቪሽ ላይ «ኮዲንግ ክበብ መርቻለሁ» ብለሽ አትለፊው፤ ስንት ጥያቄ፣ ለስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት መምህር አሠልጥነሽ፣ በምን ሲስተም ዳኝተሽ እንደሆነ ጻፊ። 24 እና 0 ማስገባት ያሰበ ሰው የሶፍትዌር ቴስተር ሥራን ግማሹን ያውቀዋል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚኒባሱን ታሪክ ንገሪያቸው። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ የከፈታቸው የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከላት፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች፣ በትምህርት ቴክኖሎጂ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች፣ ሁሉም መምህር ማሠልጠን የሚችልና ኮድ የሚጽፍ ሰው በአንድ ላይ ማግኘት ይቸግራቸዋል። እስከ ሰኔ ሠርተሽ ከእነዚህ በር ቢያንስ ሁለቱን አንኳኪ፤ ካልተከፈቱ ያኔ የጓደኞችሽን መንገድ ብትከተዪ እኔም አልቃወምሽም።

የቀረው የ11ኛ ክፍሉ ልጅሽ ነው። የዓለም ኦሎምፒያዱ እ.ኤ.አ. በ1989 ቡልጋሪያ ውስጥ ፕራቬትስ ላይ የተጀመረ ነው፤ በ2024 አሌክሳንድሪያ፣ ግብፅ ድረስ መጥቶልን ነበር። ተማሪ ግን ብቻውን ተመዝግቦ አይገባበትም፤ አገር ነው ቡድን የሚልከው፣ ቢበዛ 4 ተማሪ። ሁለት ቀን ነው፣ በየቀኑ 5 ሰዓት ለ3 ጥያቄ፤ በቅርብ ዓመታት የሚፈቀደው ቋንቋም ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ይህንን ሳትደብቂ ንገሪው። ዛሬውኑ ሊወዳደርባቸው የሚችሉት ሌሎች ናቸው፤ የአሜሪካው የኮምፒውቲንግ ኦሎምፒያድ፣ ዩኤስኤኮ፣ በኢንተርኔት ነጻ ነው፣ ከየትኛውም አገር ይገባበታል፣ ከነሐስ ደረጃ ይጀምራል። ኮድፎርስስ በተባለው የሩሲያ የውድድር ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ለጀማሪ «ዲቪዥን 4» የሚባል ዙር አለ፤ የሞስኮና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ ብዙዎቹ ዙሮች በእኛ ከቀኑ 11፡35 ላይ ይጀምራሉ፤ ሌሊት መነሳት የለበትም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሦስት ሆነው በአንድ ኮምፒውተር የሚወዳደሩበት አይሲፒሲ የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ዓለም አቀፍ ውድድር ይጠብቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመሠረተው ኤቱኤስቪ የተባለ ድርጅትም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚያሠለጥነው በዚሁ ዓይነት ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 12ኛ ክፍል ሲደርስ ግን ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ውድድሩን እንዲያቆም አድርጊ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ነው፤ የኮድፎርስስ ደረጃውን የሚጠይቀው የለም። እንቢ ካለሽ ወላጆቹን አስጠሪ።