ጥቅል ከመግዛትዎ በፊት የስልክዎን የዳታ ቆጣሪ ይክፈቱ

በዚህ እትም የመረጥናቸው የሞባይልና የኢንተርኔት ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከዓለም ገና፣ ከለገጣፎና ከቡራዩ የደረሱን ናቸው። የጥቅል ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ዋጋ አልዘረዘርንም። የዕለቱን ዋጋ ለኢትዮ ቴሌኮም በ*999#፣ ለሳፋሪኮም በ*777# ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ከቤት ስወጣ ዕለታዊ የኢንተርኔት ጥቅል እገዛለሁ። ከኮዬ ፈጬ መገናኛ እስክደርስ ግማሹ ያልቃል፣ ማታ ሌላ እደግማለሁ። ወርኃዊውን እንዳልገዛ በሳምንት ይጨረሳል ብዬ እፈራለሁ። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ይህን ከእኛ በተሻለ የሚያውቀው ስልክዎ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ባለው መፈለጊያ ላይ «ዳታ ዩሴጅ» ብለው ይጻፉ። በወሩ ውስጥ የትኛው መተግበሪያ ስንት ሜጋባይት እንደበላ ከትልቁ ወደ ትንሹ ተደርድሮ ያገኙታል። አንዱን ሲነኩት ደግሞ እርስዎ ከፍተውት የተጠቀመው እና «ባክግራውንድ» የተባለው፣ ማለትም ሳይከፍቱት የወሰደው፣ ተለይቶ ይታያል። የእርስዎ ጉዳይ የሚፈታው በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው። አይፎን ላይ «ሴሉላር» በሚለው ሥር ይገኛል፤ ነገር ግን ቆጠራው በየወሩ በራሱ ወደ ዜሮ ስለማይመለስ ከታች «ሪሴት ስታቲስቲክስ» የሚለውን እርስዎ መጫን አለብዎት።

ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይለውጡ እንደ ልማድዎ ይጠቀሙና ድምሩን ለ7 አካፍለው በ30 ያባዙት። በቀን 150 ሜጋባይት ከወጣ የወሩ ፍጆታ 4,500 ሜጋባይት ነው። አሁን የእያንዳንዱን ጥቅል ዋጋ ለሜጋባይቱ ያካፍሉ። ለስሌት ያህል ብቻ፣ 100 ሜጋባይት ዕለታዊ 10 ብር ቢሆን አንዱ ሜጋባይት 10 ሳንቲም ያወጣል። 5 ጊጋባይት ወርኃዊ 250 ብር ቢሆን ደግሞ ለ5,120 ሜጋባይት ሲካፈል ከ5 ሳንቲም በታች ነው። የሌሊት ወይም የቅዳሜና እሑድ ጥቅል በዚህ ስሌት ሁልጊዜ ርካሽ መስሎ ይታያል። የሚጠቅምዎት ግን በተፈቀደው ሰዓት ነቅተው የሚያወርዱት ነገር ካለዎት ብቻ ነው። ሳይጠቀሙበት ጊዜው ያለፈበት ሜጋባይት በውድ እንደተገዛ ይቆጠራል።

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ግን መፍትሔ አለው። እዚያው «ዳታ ዩሴጅ» ውስጥ ማስጠንቀቂያና ገደብ ማስቀመጫ አለ። የወሩን መጀመሪያ ጥቅሉን የገዙበት ቀን ያድርጉት። ገደቡን ከጥቅሉ ትንሽ ዝቅ ያድርጉ፣ ለ5,120 ሜጋባይት 4,900 ይበቃል፤ ምክንያቱም የስልኩ ቆጣሪና የቴሌው ቆጣሪ በትክክል አይገጥሙም። ገደቡ ሲደርስ ዳታው ራሱ ይዘጋል። ይህ ካልተደረገ ጥቅሉ ያለቀ ቀን ስልኩ ሳይጠይቅ ከዋናው ሂሳብ፣ ያለ ጥቅል በሚታሰበው ውድ ዋጋ መብላት ይቀጥላል። ብዙ ሰው «ካርድ ሞልቼ ወዲያው ጠፋ» የሚለው በዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ገንዘብዎን በዋናው ሂሳብ ላይ አያከማቹ። ቴሌብር ወይም ኤምፔሳ ላይ ይቆይና ጥቅሉን በቀጥታ ከዚያ ይግዙ።

ታክሲ ውስጥ ግማሹን የሚጨርሰው በብዛት ቪዲዮ ነው። ዩቲዩብ በ144ፒ የምስል ጥራት (ቁጥሩ ሲጨምር ጥራቱ ይጨምራል) ሲታይ በሰዓት ወደ 100 ሜጋባይት፣ በ360ፒ 300 ገደማ፣ በ720ፒ ከ1 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። ስብከት ወይም ዜና ለማዳመጥ 144ፒ ከበቂ በላይ ነው። ቲክቶክ ቀጣዩን ቪዲዮ ሳያዩት አስቀድሞ ያወርዳል፤ ሴቲንጉ ውስጥ «ዳታ ሴቨር» የሚለውን ያብሩ። ቴሌግራም ላይ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ገብተው በሞባይል ዳታ ፎቶ፣ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳያወርድ ይዝጉት። አሥር ቻናል የሚከታተል ሰው ይህን ባለመዝጋቱ ብቻ የማያየውን ነገር በገንዘቡ ሲያወርድ ይውላል። ፕሌይ ስቶር በዋይፋይ ብቻ እንዲያድስ፣ የፎቶ ባክአፕም እንደዚሁ ይሁን። የድምፅ ጥሪ በዋትስአፕ በደቂቃ ከ1 ሜጋባይት ስለማይበልጥ እሱን መቀነስ ብዙ አያተርፍም።

አንድ ነገር እንጨምር። ለላፕቶፕ ሆትስፖት የሚከፍቱ ከሆነ ላፕቶፑ ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ ዊንዶውስን ማደስ ይጀምራል፤ ጊጋባይቱን በአንድ ምሽት ሊጨርሰው ይችላል። በላፕቶፑ የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የስልክዎን ስም ነክተው «ሚተርድ ኮኔክሽን»፣ ማለትም ዳታው በቁጠባ የሚወሰድበት መስመር፣ የሚለውን ያብሩ።

ይህን ሁሉ አስተካክለው ፍጆታው አሁንም ከፍ ካለ ከኮንዶሚኒየም ጎረቤቶችዎ ጋር አንድ ገደብ የሌለው የቤት መስመር መጋራትን ያስቡበት። 5 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ 0.6 ሜጋባይት ያህል ያወርዳል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው በ480ፒ በአንድ ጊዜ ለማየት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይንቀራፈፋል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ እንደሚጠፋ አይርሱ።

ጥያቄ፦ ዓለም ገና የተከራየሁት ቤት ቆርቆሮ ነው። ውስጥ ስገባ ኔትወርኩ ይወርዳል፣ ባትሪው ማታ ሳይደርስ ያልቃል። የ07 (የሳፋሪኮም) ሲም ብጨምር ይቆጥብልኛል?

መልስ፦ ሁለቱም ችግሮች መነሻቸው አንድ ነው። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል። ስልኩ የኔትወርክ ማማው እንዲሰማው የማሰራጫ ኃይሉን ከፍ ያደርጋል፣ ባትሪው የሚያልቀውም በዚህ ነው። «አባውት ፎን» ውስጥ «ሲም ስቴተስ» ሲከፍቱ የሲግናል መጠን በዲቢኤም፣ ማለትም በሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፣ ያያሉ። ከ-85 ወደ ዜሮ የቀረበ ጥሩ ነው፣ -110 ደካማ ነው። የ10 ልዩነት ማለት የኃይል 10 እጥፍ ልዩነት ነው። ስልኩን ይዘው ቤቱን ይዙሩ፤ በመስኮቱና በአልጋው መካከል ብቻ ይህን ያህል ልዩነት ሊያገኙ ይችላሉ። አሮጌ ስልክ ካለዎት ሲሙን እሱ ውስጥ ከተው መስኮት ላይ ቻርጀር ላይ ይሰኩት፣ በሆትስፖት ከውስጥ ይጠቀሙ። ይህ ምንም ወጪ ስለሌለው መጀመሪያ ይሞከር።

ሁለተኛ ሲም ከመግዛትዎ በፊት የ07 ስልክ ያለው ጎረቤት ቤትዎ ገብቶ የሲግናል ቁጥሩን ያሳይዎት፤ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቪዲዮም ይክፈት። ብዙ ሰው በአንድ ማማ ላይ በሚሆንበት በዚያ ሰዓት ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ፍጥነቱ ሊሞት ይችላል። ቀን ላይ የተደረገ ሙከራ ስለ ምሽቱ አይነግርዎትም።

ከተሻለ ዳታውን ወደ 07 ያዙሩትና 09ኙን (የኢትዮ ቴሌኮሙን) ለጥሪ፣ ለቴሌብርና ለባንክ ያቆዩት። የድምፅ ጥቅል ሲገዙ ደቂቃው በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም የሚለውን ያንብቡ። ዘመድዎ ሁሉ 09 ከሆነ የ07 ውስጥ ለውስጥ ደቂቃ አይጠቅምዎትም። የባትሪው ችግር ግን በዚህ አይፈታም፤ ደካማው ሲም በስልኩ ውስጥ እስካለ ድረስ መፈለጉን አያቆምም። 09ኙንም ጨርሶ አይተዉት። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል የባንክ ኮድዎ ወደማያውቁት ሰው ስልክ መግባት ይጀምራል።

ጥያቄ፦ አዲስ ስልክ አቅሜ አይችልም። ለገጣፎ አካባቢ ያገለገለ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ሲምዎን፣ ቻርጀርና ማዳመጫ ይዘው፣ በቀን ብርሃን ይሂዱ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሻጩ አካውንት ነው። ሻጩ የጉግል ወይም የአይክላውድ አካውንቱን በራሱ የይለፍ ቃል አውጥቶ፣ ከዚያ በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ፊትዎ ይሰርዝና («ፋክተሪ ሪሴት») ስልኩ እንደ አዲስ ይነሣ። ሲነሣ የቀድሞውን አካውንት ከጠየቀ አይግዙ፤ ዋጋው ቢወርድም። «የይለፍ ቃሉን ረስቼው ነው፣ ጥገና ቤት ይከፍቱልሃል» የሚል ቃል ከሰሙ ስልኩ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ይመለሱ።

ቀጥሎ *#06# ይደውሉ። የሚወጣው የአይኤምኢአይ ቁጥር፣ ማለትም የስልኩ መለያ ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይግጠም። ካልገጠመ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው ወይም ቦርዱ ተቀይሯል። ከዚያ ሲምዎን አስገብተው ይደውሉ፣ ዳታ ይክፈቱ፣ 4ጂ መያዙን ይዩ። ከአሜሪካ የመጡ አንዳንድ ስልኮች በአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የሚሠሩ ናቸው። አይፎን ላይ «አባውት» ውስጥ «ካሪየር ሎክ» ከሚለው አጠገብ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ሊል ይገባል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎን 14 እና ከእሱ በኋላ የወጡት ደግሞ የሲም ማስገቢያ ቦታ እንኳ የላቸውም፣ በኢሲም፣ ማለትም በስልኩ ውስጥ በተሠራ ሲም፣ ብቻ ይሠራሉ።

ሳምሰንግ ላይ *#0*# ሲደውሉ ብዙዎቹ ሞዴሎች የመፈተሻ ገጽ ይከፍታሉ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ሙሉ ስክሪን ላይ አውጥተው ጥላ ወይም መስመር ይፈልጉ፤ ስክሪን መቀየር ከስልኩ ዋጋ ግማሹን ሊወስድ ይችላል። ባትሪውን ለማየት ብርሃኑን ሙሉ አድርገው ለ15 ደቂቃ ቪዲዮ ያጫውቱ። ፐርሰንቱ ከአምስት በላይ ከወረደ ወይም እየዘለለ ከወረደ ባትሪው ደክሟል። አይፎን ራሱ ይነግርዎታል፤ የባትሪ ጤንነቱ ከ80 በታች ከሆነ የመቀየሪያውን ዋጋ ከመሸጫው ላይ ይቀንሱ። ስልኩን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲያስቀምጡት ከተሽከረከረ ወይም ጀርባው ከተነሣ ባትሪው አብጧል፣ አይንኩት።

4 ጊጋባይት ራም እና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ካለው በታች አይውረዱ። ርካሹ 16 ጊጋባይት በወራት ውስጥ ይሞላና ሌላ ስልክ ያስገዛዎታል። በመጨረሻ የአይኤምኢአይ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ወይም የተፈረመ ወረቀት ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ ካርድ በብድር በ*810# መውሰድ ይጎዳል? (ከቡራዩ)

መልስ፦ ለአስቸኳይ ጥሪ ከሆነ አይጎዳም። በየሳምንቱ ከሆነ ግን የአገልግሎት ክፍያው ከሚቀጥለው ካርድዎ ላይ እየተቆረጠ ጥቅልዎን ያሳንስብዎታል። ሰው እንዲደውልልዎ ብቻ ከፈለጉ *807*፣ ከዚያ የሰውየውን ቁጥር፣ ከዚያ # ብለው መልሶ እንዲደውል መልእክት ይላኩ። ቤተሰብ ካርድ ሊያካፍልዎ ከፈቀደም *806*የእርስዎ ቁጥር*መጠኑ# ብሎ ከራሱ ሂሳብ ያስተላልፍልዎታል።