የመስማት ምርመራ ውጤትን ከቪኤ ስለ መውሰድ፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ጦር አገልግለው የተሰናበቱ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ከፊሎቹ ግሪን ካርድ ይዘው የተመዘገቡ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ምልመላ በጀመረውና አማርኛን ከመሳሰሉ ተፈላጊ ቋንቋዎች ተናጋሪዎችን በተቀበለው ልዩ መርሐ ግብር የገቡ ናቸው። ከእነዚህ ወንድሞችና እህቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሚታከሙት ቪኤ እየተባለ በሚጠራው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሆስፒታሎች ነው። ከተኩስ፣ ከሞተርና ከጄኔሬተር ድምፅ የተረፈ የመስማት ችግርና የጆሮ ጩኸት ከሁሉ ይልቅ የሚበዛ ቅሬታ በመሆኑ፣ ስለ ምርመራ ውጤት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በአንድነት እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ወደ ቪኤ ድረ ገጽ ገብቼ የሕክምና መዝገቤን በሙሉ አውርጃለሁ። የኦዲዮሎጂ (የመስማት ምርመራ) ባለሙያዋ ማስታወሻ አለ፤ ግራፉና ቁጥሮቹ ግን የሉም። ውጤቴ ጠፍቶ ይሆን?

መልስ፦ አልጠፋም፤ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። በመዝገብዎ ላይ የሚያገኙት ማስታወሻ ባለሙያዋ በቃላት የጻፈችው ማጠቃለያ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ «በሁለቱም ጆሮ ከመለስተኛ እስከ ከባድ የመስማት ጉድለት» ከማለት አያልፍም። ኦዲዮግራም የሚባለው ሠንጠረዥ፣ ማለትም በየድግግሞሹ (በኸርዝ በሚለካው የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት) ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ላይ መስማት እንደ ጀመሩ የሚያሳየው ዝርዝር፣ በብዙ የቪኤ ሆስፒታሎች ለኦዲዮሎጂ ክፍል በተለየ ፕሮግራም ውስጥ ይመዘገባል። ስለዚህ መዝገብዎን ከድረ ገጹ ሲያወርዱ አብሮ ላይመጣ ይችላል። ብዙ ሰው ማስታወሻውን አግኝቶ «ይህ ብቻ ነው ያለው» ብሎ ይመለሳል፤ ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ለመስሚያ መሣሪያም ሆነ በአገልግሎት ላይ ለደረሰ ጉዳት ለሚከፈል ካሳ ማመልከቻ ዋጋ ያላቸው ቁጥሮቹ ናቸው። ቁጥሮቹን በስማቸው ጠርተው መጠየቅ አለብዎት።

ጥያቄ፦ የት ሄጄ፣ በምን ቅጽ፣ ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ በእያንዳንዱ የቪኤ ሆስፒታል «ሪሊዝ ኦፍ ኢንፎርሜሽን» የሚባል ክፍል አለ፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለእርሱ ነው። ቅጹ 10-5345ኤ ሲሆን፣ አንድ ሰው የራሱን የጤና መረጃ ቅጂ የሚጠይቅበት ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ፊደል የሌለው 10-5345 ደግሞ መረጃው ለሌላ ሰው ወይም ድርጅት እንዲሰጥ ፈቃድ የሚሰጡበት ስለሆነ፣ ሁለቱን እንዳያምታቱ። የሚፈልጉትን በዝርዝር በሚገልጹበት ቦታ «የመስማት ምርመራዬ» ብለው ብቻ አይተዉት። የንጹሕ ድምፅ ምርመራ ኦዲዮግራም፣ ከነግራፉና ከነዴሲቤል ቁጥሮቹ፣ የአየርና የአጥንት መተላለፊያ ውጤቶች፣ የንግግር መለያ ፈተና መቶኛ፣ የጆሮ ታምቡር ግፊት መለኪያ፣ እንዲሁም ምርመራው የተደረገበትን ቀን ወይም ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ። ከክፍሉ ማስታወሻ ብቻ ቢሰጥዎ፣ በቀጥታ ወደ ኦዲዮሎጂ ክፍል ደውለው ወይም በድረ ገጹ በኩል መልእክት ልከው ኦዲዮግራሙ ታትሞ ወደ መዝገብዎ እንዲገባ በትሕትና ይጠይቁ። ወደ ቀጠሮ የሚሄዱ ከሆነ ግን ከሁሉም የሚቀለው እዚያው ባለሙያዋ ፊት ቅጂውን መጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ይፈጃል? ምክንያቴን መናገር አለብኝ?

መልስ፦ የጤና መረጃን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ ለመልስ 30 ቀን ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ አንድ ጊዜ ሌላ 30 ቀን ሊጨምር ይችላል። ለምን እንደፈለጉት የማስረዳት ግዴታ የለብዎትም። ያስገቡትን ቅጽ ቅጂና ያስገቡበትን ቀን ይያዙ።

ጥያቄ፦ የካሳ ማመልከቻ ባስገባሁ ጊዜ የተመረመርሁት ከሆስፒታሉ ውጭ፣ በኮንትራት በሚሠራ ክሊኒክ ነበር። ሆስፒታሉ «እኛ ዘንድ የለም» አለኝ።

መልስ፦ ሆስፒታሉ እውነቱን ነው የነገርዎት። ቪኤ ሕክምናን የሚሰጥ አንድ ክንፍ፣ ካሳንና ጡረታን የሚመለከት ሌላ ክንፍ አለው። ለካሳ የሚደረግ ምርመራ፣ በተለይ ኮንትራክተር ያካሄደው፣ የሚገባው ወደ ካሳ ማመልከቻዎ ፋይል ነው። ይህን ፋይል ወይም የምርመራውን ሪፖርት ብቻ ለይተው ለማግኘት 20-10206 የሚባለውን ቅጽ ይሙሉ። ሙሉውን ፋይል መጠየቅ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል፣ የሚያስፈልግዎ ምርመራው ብቻ ከሆነ እርሱን ብቻ ይጠይቁ። ካሳዎን የሚከታተልልዎ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ተወካይ ካለ ግን አስቀድመው ያነጋግሩት፤ ፋይሉን በኮምፒዩተሩ የማየት ፈቃድ ሊኖረው ይችላል።

ጥያቄ፦ በወታደርነት ዘመኔ በየዓመቱ ጆሮዬን ይመረምሩኝ ነበር። ያስ የት አለ?

መልስ፦ እርሱ ደግሞ ሦስተኛው ቦታ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ ጠቃሚ ሊሆንም ይችላል። ጦሩ ድምፅ በበዛበት ሥራ ላይ ለሚመደብ ሰው በመጀመሪያ መነሻ የሚሆን ኦዲዮግራም ያነሣል፤ ቅጹ ዲዲ 2215 ይባላል። ከዚያ በኋላ በየጊዜው የሚደረገው ክትትል ዲዲ 2216 በሚባለው ላይ ይመዘገባል። በ2000፣ በ3000 እና በ4000 ኸርዝ ላይ ያለው አማካይ ከመነሻው በ10 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከተለወጠ ጉልህ ለውጥ ተብሎ ይያዛል። ጉዳቱ በአገልግሎት ላይ ሳሉ መጀመሩን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ከምድር ጦር የተሰናበቱት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 16 ቀን 1992 በኋላ ከሆነ የአገልግሎት ዘመን የሕክምና መዝገብዎ በአብዛኛው ወደ ቪኤ ተላልፏል፤ በዚያው በ20-10206 ላይ ምልክት አድርገው መጠየቅ ይችላሉ። ከዚያ በፊት የተሰናበቱ ስታንዳርድ ፎርም 180 ሞልተው በሴንት ሉዊስ ለሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማእከል ይልካሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 በዚያ ማእከል የተነሣው እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ፋይሎችን አጥፍቷል፤ ጉዳቱ የደረሰው ግን በቀደሙት ላይ፣ በምድር ጦር በኩል ከ1960 በፊት በተሰናበቱት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በምርመራው ወቅት ቃላት እያሰሙኝ እንድደግም ተጠየቅሁ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ቃሉን ግን አላውቀውም ነበር። ይህ ውጤቴን አያበላሽም?

መልስ፦ ይህን ስለ ጠየቁ አመሰግናለሁ፤ እንግሊዝኛን ካደግን በኋላ የተማርነውን ሁሉ የሚነካ ነገር ነው። ሜሪላንድ ሲኤንሲ የሚባለው ይህ የንግግር መለያ ፈተና አንድ ቀለም ብቻ ያላቸውን አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ይዟል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚፈተን ሰው ግማሹን ሰምቶ የቀረውን በልምድ ይሞላዋል፤ ለእኛ ግን ብቻውን የተነገረ የማናውቀው ቃል ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው። ስለዚህ መቶኛው የጆሮንና የቋንቋን ነገር ቀላቅሎ ሊያሳይ ይችላል።

ይህ በካሳው ላይ ምን እንደሚያመጣ በምሳሌ ላሳይ። የአንድ ሰው ሁለቱም ጆሮዎች በ1000 ኸርዝ 30፣ በ2000 45፣ በ3000 60፣ በ4000 65 ዴሲቤል ቢሆኑ፣ ድምሩ 200 ሆኖ ለአራት ሲካፈል አማካዩ 50 ነው። የቃላት ውጤቱ በሁለቱም 94 ከመቶ ከሆነ ካሳው የሚወሰንበት የጉዳት ደረጃ ዜሮ ከመቶ ይሆናል፤ 80 ከመቶ ከሆነ ግን 10 ከመቶ ይሆናል። ቁጥሩ ይህን ያህል ስለሚመዝን መርማሪው የማይጣጣም ነገር ሲያይ ይጠራጠራል፤ ቋንቋ መሆኑን ካልተረዳ ደግሞ በትክክል አልመለሰም ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ደንቡ ራሱ ለዚህ መፍትሔ አለው፦ በቋንቋ ችግር ምክንያት የቃላት ፈተናው ተገቢ አለመሆኑን መርማሪው ካረጋገጠ፣ የዴሲቤል አማካይ ብቻ የሚታይበት ሌላ ሠንጠረዥ ይሠራበታል። ይህ ሠንጠረዥ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ደረጃ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ከላይ ባለው ምሳሌ እንኳ ዜሮ ነው የሚሰጠው። እኔ የምመክረው ለካሳ ብሎ ወደዚህም ወደዚያም ማዘንበልን ሳይሆን፣ ከምርመራው በፊት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎ አማርኛ መሆኑን ለመርማሪው መናገርንና ያ በሪፖርቱ ላይ መጻፉን ማረጋገጥን ነው። መዝገቡ እጅዎ ሲገባም በመጀመሪያ የሚያዩት መርማሪው ስለ ቋንቋ የጻፈው አስተያየት ይሁን።

ጥያቄ፦ ኦዲዮግራሙ ደረሰኝ፤ ግን ማንበብ አልቻልሁም።

መልስ፦ ክብ ምልክት ቀኝ ጆሮ፣ ኤክስ ምልክት ግራ ጆሮ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ወደ ታች በወረደ መጠን ለመስማት የበለጠ ጉልበት አስፈልጓል ማለት ነው። ከ3000 እስከ 6000 ኸርዝ አካባቢ እንደ ጎድጓዳ ወርዶ ከዚያ መልሶ ከፍ የሚል መስመር ካዩ፣ ከከባድ ድምፅ የሚመጣ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚተወው ምልክት እርሱ ነው። ቪኤ የመስማት ጉድለት የሚለው ከ500 እስከ 4000 ኸርዝ ካሉት አምስት መለኪያዎች አንዱ 40 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ወይም ሦስቱ 26 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ ወይም የቃላት ውጤቱ ከ94 ከመቶ በታች ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ቬተራን ነው፤ እንግሊዝኛው ደካማ ነው። እኔ ልጁ ልጠይቅለት እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቅጹን እርስዎ ሊሞሉለት ይችላሉ፤ የሚፈርመው ግን አባትዎ ነው። መረጃው በቀጥታ ለእርስዎ እንዲላክ ከፈለገ ፊደል የሌለውን 10-5345 ይፈርም።

ጥያቄ፦ ያገኘሁት መዝገብ «ለከባድ ድምፅ አልተጋለጠም» ይላል። እኔ ግን ሦስት ዓመት መድፈኛ ነበርሁ።

መልስ፦ እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለዎት። ስሕተቱ የቱ እንደሆነ፣ በምን መታረም እንዳለበትና ማስረጃዎን ጠቅሰው፣ ለሆስፒታሉ የግል መረጃ ጥበቃ ኃላፊ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የተሰናበቱበት ዲዲ 214 ላይ የተጻፈው የሥራ መደብ እዚህ ይጠቅማል። ሪፖርቱ የካሳ ምርመራ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ደብዳቤ ወደ ካሳ ፋይልዎም ያስገቡ፤ በአንዱ ክንፍ የታረመ በሌላው በራሱ አይታረምምና። እርማቱ ቢከለከል ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ ያ ባይሆን እንኳ የማይስማሙበትን ምክንያት ገልጸው የሚጽፉት መግለጫ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ማድረግ ይቻላል።