«ለልጆቼ ፉድ ስታምፕ ብጠይቅ ዜግነቴ ይበላሻል?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሌሊት ከሥራ ስገባ አነበብኩት። በዲቪ ከመጣችሁ ሁለት ዓመት ሆኗችኋል። ባልሽ ከሥራ ተቀንሷል። ትልቁ ልጅሽ ከአገር ቤት አብሯችሁ የመጣ ነው፣ ትንሿ እዚህ የተወለደች ናት። «ፉድ ስታምፕ ብጠይቅ ሲትዝንሺፕ ይከለክሉኛል? ደግሞስ ነውር አይደለም ወይ?» ብለሻል። መንግሥት ገቢው ላነሰ ቤተሰብ ለምግብ መግዣ የሚሰጠውን እርዳታ ማለትሽ ነው። ከሥሩ ሰላሳ ሰው «ይቅርብሽ» ብሎ ጽፎልሻል። አንዱ ደግሞ «ዌልፌር (የመንግሥት ድጎማ) የጥቁር አሜሪካውያን ነው፣ እኛ ሠርቶ አዳሪ ነን» ብሏል። ይህን አንብቤ መተኛት አልቻልኩም። የአንቺ ነገር ቁርጥ የእኔ ነው።

ፎርሙ የት እንደሚገኝ አልነግርሽም፣ እሱን አታጪውም። እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. ያላነበብሽው ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ።

እኛ የመጣነው በ2015 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)፣ ሴቷ ልጄ የሦስት ዓመት ሆና። ወንዱ እዚህ ተወለደ። ባለቤቴ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። በ2017 መጨረሻ ወገቡን አመመውና ሥራ አቆመ። እኔ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ያኔ የሚሰጡኝ በሳምንት 25 ሰዓት ብቻ ነበር። ከቤት ኪራይ የምትተርፈው ለዳይፐርና ለባስ አትበቃም። ቤተክርስቲያን የምናከብራቸው አንድ ሰው «መንግሥት ላይ ከተመዘገባችሁ ዜግነት የለም» አሉን። አመንናቸው። ስምንት ወር በሽሮ ከረምን። አንድ ቀን ሴቷ ልጄ ትምህርት ቤት የሰጧትን ፖም ሳትበላ በቦርሳዋ ለወንድሟ ይዛ መጣች። በማግስቱ ፉድ ስታምፕ የሚሰጠው ቢሮ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ግሪን ካርዴን ገልበጥ አድርጋ አየችና «አምስት ዓመት አልሞላሽም» አለች። «ልጆቼስ?» አልኳት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። ድምጿን ከፍ አደረገች። ወረፋው ሁሉ እየሰማ «እናንተ ገና ከአውሮፕላን ሳትወርዱ ነው እጃችሁን የምትዘረጉት» አለችኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት አቀረበችልኝ። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ «እዚህ ፈርሚ» አለች። ቶሎ ከዚያ ቤት መውጣት ስለፈለግሁ ፈረምኩ። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ጠብ ብሏል።

ምን እንደፈረምኩ ያወቅሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። «ማመልከቻዬን በራሴ ፈቃድ አንስቻለሁ» ይላል። ገባሽ? እነሱ አልከለከሉኝም። በወረቀቱ መሠረት የተውኩት እኔ ነኝ። ቢከለክሉኝ ኖሮ በጽሑፍ ምክንያቱን ይሰጡኝ ነበር፣ እኔም በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ እል ነበር። ፌር ሂሪንግ ይሉታል። እርዳታው የሚታሰበው ደግሞ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ያ አምስት ወር እንዳለ ቀረ። ኋላ ልጆቼ በወር 260 ዶላር ተፈቀደላቸው። አባዢው፣ 1,300 ዶላር ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሁለቱም ልጆቼ እኮ ይገባቸው ነበር! ወንዱ ዜጋ ነው። ሴቷ ግሪን ካርድ ብትይዝም፣ በፉድ ስታምፕ ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት የመጠበቁ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅን አይነካም። ግሪን ካርድ ያላቸውን አብዛኞቹን ሰዎች ከፉድ ስታምፕ ያስወጣው ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1996 የፈረሙት የዌልፌር ሕግ ነው። ልጆቹን ኮንግረስ በ2002 መልሶ አስገብቷቸዋል። እኔ ወረፋ የቆምኩት በ2018 ነው። ያቺ ሠራተኛ ይህን ማወቅ ሥራዋ ነበር።

ስለዚህ አንቺ ስትሄጂ «የማመለክተው ለልጆቼ ነው» በይ። የእናንተ ገቢ ይቆጠራል፣ ለራሳችሁ ግን አትጠይቁም። ስምሽን፣ አድራሻሽንና ፊርማሽን ጽፈሽ ማመልከቻውን ያኑ ቀን የማስገባት መብት አለሽ። ሌላው ሰነድ ሁሉ በኋላ ይደርሳል። ቀኑ የተመታበት ኮፒ ሳትይዢ ከዚያ እንዳትወጪ።

2. አስተርጓሚ ጠይቂ።

እኔ «እንግሊዝኛዬ ይበቃኛል» ብዬ ነው የገባሁት። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ቢሮ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፣ በስልክም ቢሆን። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ ስላላት በአማርኛ የተዘጋጁ ወረቀቶችም ታገኛለሽ። እኔ ያለሁበት ሜሪላንድ ግን መጠየቅ ነበረብኝ። ትልቁን ልጅሽን ለማስተርጎም እንዳትወስጂው። ያን የመሰለ ንግግር ልጅ ጆሮ መግባት የለበትም።

3. ስለ ነውሩ።

ይሄ ነው ዋናው። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ አንድ ጥቁር አሜሪካዊት ጎረቤት አሉኝ። ያኔ 66 ዓመታቸው ነበር። «እማማ» ነው የምላቸው፣ ትርጉሙን ነግሬያቸው ወደዱት። ከቢሮው ከተመለስኩ አምስት ወር አልፎ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ስቆዝም አገኙኝ። ነገርኳቸው። «ወረቀቱን አምጪው» አሉ። አንብበው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ እናታቸው ነገሩኝ።

አላባማ ነው ያደጉት። እናታቸው የነጮች ቤት ያጸዱ ነበር። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመንግሥቱ የጡረታ ዋስትና፣ በ1935 ሲቋቋም የቤት ሠራተኛና የእርሻ ሠራተኛ ከጡረታው ውጭ ተደረገ። በደቡብ ያን ሥራ በብዛት የሚሠራው ጥቁር ነበር። ለድሃ ልጆች የሚሰጠው የገንዘብ እርዳታ ደግሞ በየስቴቱ እጅ ሆነ። አላባማ በ1964 አንድ ደንብ አወጣች። እናትየዋ ወንድ ወዳጅ ካላት እሱ «ምትክ አባት» ተብሎ ይቆጠራል፣ የልጆቹ ገንዘብ ይቆረጣል። ሰውየው ልጆቹን አንድ ሳንቲም ባይረዳም። እማማ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ቁም ሣጥን ከፍቶ የወንድ ጫማ ሲፈልግ በዓይናቸው አይተዋል። እናታቸው አጎታቸው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ጫማውን ምድጃ ውስጥ ይደብቁ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ደንብ የሻረው በ1968 ነው።

«አንቺን የሰደበችሽ ሴትዮ አዲስ ነገር አልተናገረችም» አሉኝ እማማ። «እናቴን የሚሏትን ነው ያለችሽ።»

እህቴ፣ እኔ ያኔ ነው ያፈርኩት። ለዓመታት እኔም ከጥያቄሽ ሥር እንደጻፈው ሰውዬ «ዌልፌር የእነሱ ነው» እል ነበር። ያ ወሬ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሬገን በ1976 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በ80 ስም ገንዘብ ትወስዳለች ስላሏት የቺካጎ ሴት በየመድረኩ ያወሩ ነበር። ዌልፌር ሲባል የጥቁር እናት ፊት በሰው ዓይን ላይ እንዲመጣ ካደረጉት ወሬዎች አንዱ ይሄ ነው። ፉድ ስታምፕ ከሚያገኘው ሕዝብ ግን በቁጥር ትልቁ ክፍል ነጭ ነው። እኛ ደግሞ እዚህ ደርሰን ሻንጣችንን ሳንፈታ ያን ወሬ ተቀብለን እርስ በርስ እንተማማበታለን። መስኮቱ ላይ ስትቆሚ እኮ ሠራተኛዋ ሐበሻ ነሽ አይደለሽም ብላ አትለይም። አንዲት ጥቁር እናት ነው የምታየው።

እማማ በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ የቤተክርስቲያን ኮፍያቸውን ደፍተው አብረውኝ ሄዱ። ሱፐርቫይዘር አስጠሩ። አልጮሁም። «ይህቺ እናት ያልገባትን ወረቀት ነው ያስፈረማችኋት» ብቻ አሉ። በ23ኛው ቀን ካርዱ መጣ። ሕጉ 30 ቀን ይላል። ገቢውም በእጁ ያለውም ገንዘብ በጣም ትንሽ ለሆነ ሰው በ7 ቀን ነው፣ እሱንም ጠይቂ። ትንሿ ልጅሽ አምስት ዓመት ካልሞላት ዊክንም፣ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠውን የምግብ እርዳታ፣ አብረሽ አመልክቺ። እዚያ የኢሚግሬሽን ነገር አያነሱብሽም።

4. ዜግነቱስ?

«ፐብሊክ ቻርጅ» የሚሉት፣ ሰውየው የመንግሥት ሸክም ይሆናል ወይ ብሎ መመዘን፣ ግሪን ካርድ ለሚጠይቅ ሰው ነው። አንቺ ግሪን ካርድሽን ይዘሻል፣ ለዜግነት ስታመለክቺ በዚህ አትመዘኚም። እኔ በ2021 ኢንተርቪው ገብቼ ስለ ፉድ ስታምፕ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። ዜግነት የሚያሳጣው ውሸት ነው። ገቢ መደበቅ፣ ባልሽ እቤት እያለ «የለም» ማለት፣ እሱ ነው ጣጣው። አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ። አገር ቤት ሄደሽ ከስድስት ወር በላይ እንዳትቆዪ፣ ስትመለሺ የፐብሊክ ቻርጁ ጥያቄ እንደ አዲስ ሊነሳ ይችላል። ቤተሰብ ስፖንሰር አድርጓቸው የመጡና በጥገኝነት የገቡ ሰዎች ደግሞ የእኔን መልስ እንዳለ አይውሰዱት። በተለይ በ2025 በወጣው ሕግ በስደተኛነት (ሪፊውጂ) የገቡና ጥገኝነት (አሳይለም) ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ከፉድ ስታምፕ ውጭ ተደርገዋል። ይሄም ያናድደኛል፣ ግን ሌላ ቀን።

«ጥገኛ ያደርጋል» ላሉሽ ሰዎች፦ እኛ 14 ወር ወሰድን። በዚያ 14 ወር አንድም ቀን ከሥራ አልቀረሁም። ባለቤቴ ወገቡ ሲሻለው ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ተምሮ አወጣ፣ ትራክ ያዘ። የመጀመሪያ ቼኩ የመጣ ዕለት እኔ ራሴ ደውዬ ገቢያችን መጨመሩን ተናገርኩ። ዘጉት። ሴቷ ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ናት፣ በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ።

ሜሪላንድ ከሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው፣ አብሬሽ እሄዳለሁ። የሁለት ወር ፔይ ስታብ (የደሞዝ ወረቀት) እና የልጆቹን ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ይዘሽ ነይ። ቢሮው በ8 ሰዓት ነው የሚከፈተው፣ በፈረንጆቹ ሰዓት፤ እኛ በ7:30 በሩ ላይ እንሁን።